ባትሪ የሌለው ሞተር ብስክሌት፦ ምን ይተካል? ምንስ ይጎድላል?

«ሞተሩ በእግር ተረግጦ የሚነሣ ከሆነ ባትሪው ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ሲሉ ተማሪዎቼ ዘወትር ይጠይቁኛል። ባትሪ ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን ማረጋጊያም ነው ብዬ እመልሳለሁ።

የሞተር ብስክሌት ጄኔሬተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል። ሬክቲፋየሩ ኮረንቲውን ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፤ ሬጉሌተሩም በ14 ቮልት ገደማ ይገድበዋል። ሆኖም ኮረንቲው ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ባትሪው ተቀብሎ ያለዝበዋል። ባትሪው ያለ ምትክ ከወጣ አምፖሎች ሊቃጠሉ፣ ሬጉሌተሩም ሊበላሽ ይችላል።

ለማለዘቡ ሥራ ምትክ የሚሆነው ካፓሲተር ነው። የእንግሊዙ ሉካስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «2ኤምሲ» የተሰኘ ካፓሲተር ለዚሁ ተግባር አቅርቦ ነበር። ሲገጠም አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎቹ ከተዛወሩ ግን ይበላሻል።

አሁን አብረን እናስላ። ባለ 22,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ14 ቮልት የሚይዘው ጉልበት 2.2 ጁል ገደማ ነው። ይህም ባለ 35 ዋት የፊት መብራትን ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ላነሰ ጊዜ ብቻ ያበራል። ባለ 12 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግን የዚህን መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይይዛል።

ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተሩ በጨለማ መንገድ ላይ ድንገት ቢጠፋ የኋላ መብራቱም አብሮት ይጠፋል፤ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ ላያየን ይችላል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ካፓሲተር በቀን ለሚነዳ ይበቃው ይሆናል፤ ሌሊት የሚጓዝ ግን ባትሪውን አያውጣ።