ከስቱዲዮ ውጭ ሰውን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ወርዶ፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ነጭ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ለመጽሔት የሚያነሣ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፥ አናት ላይ የቆመችው ፀሐይ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ትጋርዳለች። ሁለተኛ፥ የካሜራው የብርሃን መለኪያ በጋቢው ንጣት ተታሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠይሙም ፊት ጠቁሮ ይጠፋል። መፍትሔው ሰውየውን ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ፊቱን ወደ ገላጣው ሰማይ አዙሮ ማቆም፥ ብርሃኑንም ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ማስፈቀድ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የታወቁት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ነገሥታቱን ያነሡት ለብሰውና ተዘጋጅተው ሲቀመጡ ነው። ታዲያ ገበሬው ጋቢውን አስተካክሎ፥ እንደ ወደደ ቆሞ የመነሣት መብት የለውምን? መጽሔቱም ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለተነሣው ሰው ሊደርሰው ይገባል፤ ልጆቹ «አባታችን ነው» ብለው ለጎረቤት የሚያሳዩት ያን ጊዜ ነውና።