አንድ ቤት ስለ ስንት ቤት ይናገራል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ለሕዝብ ሥራ ለማዘጋጀት የሚያስብ መንግሥት፥ በሥራ ላይ ያለው ሰው ስንት፥ ሥራ ፈልጎ ያጣውም ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህንን ለማወቅ በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን ሁሉ መጠየቅ የሚቻል አይደለም። በአገራችን ጠቅላላ የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ የነበረውም አራተኛው ቈጠራ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። የሠራተኛ ኃይል ጥናት ግን በ1991፥ በ1997፥ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተደርጓል። ይህም የተቻለው ጥቂቶቹን ጠይቆ ስለ ብዙዎቹ ለማወቅ በሚያስችለው መንገድ፥ ማለት በናሙና ነው።

ባልትና ያላት ሴት የወጡን ጣዕም ለማወቅ ድስቱን ሁሉ እንደማትጨርስ የታወቀ ነው። አንድ ጭልፋ ይበቃታል፤ ነገር ግን ከመቅመስዋ በፊት ታማስለዋለች። ከተማን ማማሰል ስለማይቻል፥ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በምትኩ ዕጣን ይጠቀማሉ።

ዕጣው የሚወጣው በሁለት ደረጃ ነው። አስቀድሞ አገሩ በየምድቡ ይለያል፤ እያንዳንዱም ምድብ የቈጠራ ቦታ በሚባሉ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ ትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ከእነዚህ ቦታዎች ጥቂቶቹ ይመረጣሉ፤ በመዝገብ ብዙ ቤተሰብ ያለበት ቦታ የመመረጥ ዕድሉ በዚያው ልክ ይበልጣል። በሁለተኛው ደረጃ በተመረጠው ቦታ የሚገኙት ቤተሰቦች እንደገና አንድ በአንድ ይመዘገባሉ፤ ከዚያም መነሻው በዕጣ ወጥቶ፥ በእኩል ርቀት እየተዘለለ፥ በከተማ 30 ያህል ቤተሰብ ይመረጣል። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ደስ ያለውን ቤት ሊመርጥ፥ ውሻ ያለበትንም ግቢ ሊያልፍ አይፈቀድለትም።

አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የታሰቡ ናቸው። በአንድ ምድብ 60,000 ቤተሰብ በመዝገብ ቢኖርና 40 የቈጠራ ቦታዎች ቢመረጡ፥ 200 ቤተሰብ የተመዘገበበት ቦታ የመመረጥ ዕድሉ 40 በ200 ተባዝቶ፥ ለ60,000 ተካፍሎ፥ ከ15 ሁለት ይሆናል። አዲሱ ምዝገባ በዚያ ቦታ 200 ቤተሰብ ቢያገኝና ከእነርሱ 30 ቢመረጡ፥ ሁለተኛው ዕድል ከ200 ሠላሳ ነው። ሁለቱ ዕድሎች ሲባዙ ከ50 አንድ ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ የተመረጠ ቤተሰብ የ50 ቤተሰቦች እንደራሴ ነው፤ ክብደቱም 50 ነው ይባላል።

ከተማው በመዝገብ እንደ ሰፈረ ቢቈይ ኖሮ የሁሉም ክብደት አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ግን እንደዚያ አልቈየም። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ቦሌ ክፍለ ከተማ ከ300,000 በላይ ነዋሪ ነበረው። ከዚያ ወዲህ በሰሚት፥ በአያትና በቦሌ አራብሳ በኩል ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ለአራተኛው ቈጠራ አዲስ ካርታ ተነሥቶ ከ149,000 በላይ የቈጠራ ቦታዎች በአገሩ ሁሉ ቢዘጋጁም፥ ከተማ እያደገ ሲሄድ ካርታ በተነሣ ማግሥት ማርጀት ይጀምራል።

በምሳሌያችን 200 ቤተሰብ በተመዘገበበት ቦታ ሕንፃ ተሠርቶ 500 ቤተሰብ ቢገኝ፥ ከነዚህ የተመረጡት የ30ዎቹ ክብደት ወደ 125 ይወጣል። ቤቶች ፈርሰውበት 120 ቤተሰብ ብቻ በተገኘበት ሌላ ቦታ ደግሞ ክብደቱ ወደ 30 ይወርዳል። አሁን ከእያንዳንዱ ቦታ 60 ሠራተኛና ሥራ ፈላጊ ተጠይቆ፥ ካደገው ቦታ 6፥ ከፈረሰው 18 ሥራ አጥ ተገኘ እንበል። ክብደቱን ትቶ በቀላሉ የሚደምር ሰው ከ120 ሰው 24፥ ማለት ከመቶ 20 ሥራ አጥ ነው ይላል። እያንዳንዱን በክብደቱ አባዝቶ የሚደምር ግን ከ9,300 ሰው 1,290፥ ማለት ከመቶ 14 ያህል ሆኖ ያገኘዋል። መልሱ ያው፥ የተጠየቁትም ሰዎች እነዚያው ሲሆኑ፥ ልዩነቱ የመጣው ማን ለስንት እንደሚናገር ከመዘንጋት ነው። ለሥልጠናና ለሥራ ፈጠራ የሚመደበው ገንዘብ የሚከተለው ይህንኑ ቍጥር ስለሆነ፥ ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ከዚህ የሚብሰው ችግር የተዘጋ በር ነው። ከ30 ቤተሰብ 24ቱ ብቻ ቢመልሱ፥ የስድስቱ ድርሻ ለ24ቱ ይታደልና ክብደታቸው ከ125 ወደ 156.25 ያድጋል። ይህ ስሌት ግን ዝም ያሉት ከተናገሩት ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ያምናል። መረጃ ሰብሳቢው የሚመጣው ጧት ብቻ ቢሆን፥ ቢሮ የገባው ሰው ሳይገኝ ሥራ የሌለው ይገኛል፤ ሥራ አጥነትም ከእውነቱ በላይ በዝቶ ይታያል። ማታና በዕረፍት ቀን ተመልሶ መምጣቱ ስለዚህ ነው። የናሙና ብዛት ይህንን ጉድለት አያድነውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ይመረጣሉ ቢል፥ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። ስሕተቱ የመጣው መጠየቂያው ከተላከላቸውና መልስ ከሰጡት ሰዎች ማንነት ነበር።

በተከፈተውም በር የሚቀር ሰው አለ። ለጥናቱ ቤተሰብ ማለት ዝምድና ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በአንድ ቤት እየኖሩ በአንድነት የሚመገቡ ሰዎች ናቸው። እዚያው አድራ እዚያው የምትበላውን የቤት ሠራተኛ ያልቈጠረ አባወራ፥ የቤተሰቡ ክብደት 125 ከሆነ፥ በሰንጠረዡ ላይ 125 ሠራተኞችን አስቀርቷል ማለት ነው።

እንግዲህ፥ አንባብያን ሆይ፥ ነገሩ በሁለት ወገን ይመለከታችኋል። በየመሥሪያ ቤታችሁ የሥራ አጥነት ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ፥ ቍጥሩ በክብደት የተሰላ መሆኑን፥ ያልመለሱትም ስንት እንደሆኑ ጠይቁ። ዕጣው በቤታችሁ ላይ የወጣ እንደሆነ ደግሞ፥ የምትሰጡት መልስ በሕግ ምሥጢርነቱ የተጠበቀ ነውና፥ በጥንቃቄ መልሱ። በእናንተ ምትክ ጎረቤታችሁ አይጠየቅም፤ ዝም ብትሉም ድርሻችሁ ኑሮአችሁን ለማያውቁት ለሌሎቹ ይሰጣል።