የስህተት ደብተር

የእህቴ ልጅ ለኤስኤቲ የሂሳብ ክፍል መዘጋጀት የጀመረች ሰሞን 300 ጥያቄ ሠርቻለሁ ብላ ኩራቷ ለጉድ ነበር። «ስንቱን ሳትሽ?» ስላት «እኔንጃ ጋሼ፣ አልቆጠርኩም» አለችኝ።

ኤስኤቲ የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ከአሜሪካ ውጭ በ2023፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2024 (በፈረንጆቹ) ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። ሂሳቡ 44 ጥያቄ አለው፤ በሁለት ሞጁል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 22 ጥያቄ 35 ደቂቃ ይሰጣል። የሁለተኛው ሞጁል ክብደት የሚወሰነው ተማሪው በመጀመሪያው ባስመዘገበው ውጤት ነው። የመጀመሪያውን ያበላሸ ሰው ቀለል ያለ ይመጣለታል፤ ደስ አይበለው፣ የሂሳቡ ሙሉ ነጥብ 800 ግን ከእጁ ወጥታለች። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ በጥድፊያ የሚጣል ቀላል ጥያቄ ከሁሉ የሚያስቆጨው።

ከጥያቄዎቹ 70 በመቶ ያህሉ ከአልጀብራና ከዚያ ከፍ ካለው ሂሳብ ይወጣሉ። ጂኦሜትሪ ከትሪጎኖሜትሪ ጋር ተደምሮ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ዋና ዋና ቀመሮቹም ፈተናው ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ታዲያ የክብና የሲሊንደር ቀመር ሲሸመድድ ወር የሚፈጅ ተማሪ ምን ይባላል?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ደብተር ገዛንና የሳተችውን ጥያቄ ሁሉ ከነምክንያቱ እንድትጽፍ ተስማማን፦ «አላውቀውም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «የተጠየቀውን አላነበብኩም»። አንዱ ጥያቄ 3ኤክስ + 6 = 27 ከሆነ ኤክስ + 2 ስንት ነው የሚል ነበር። ኤክስ 7 መሆኑን አገኘችና 7ን መረጠች። 7 ከምርጫዎቹ መካከል ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል፤ መልሱ ግን 9 ነው። ግራና ቀኙን ለ3 ብታካፍል ኖሮ 9ኙን ኤክስን እንኳ ሳትፈልግ ታገኘው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ በሦስተኛው ምክንያት ተሞላ። አስጠኚ ልንቀጥርላት ነበር እኮ!

ፕሮግራሙን ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንት አራት ቀን 45 ደቂቃ፤ ግማሹ የሳተችውን እንደገና መሥራት፣ ግማሹ በካን አካዳሚ ነፃ መለማመጃ የደከመችበትን ርዕስ ማጥናት። ሙሉ ፈተና በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈተናው በሚሰጥበት ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ፣ ሰዓት ተይዞ። ነፃ ሙሉ ፈተናዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በአንድ ሳምንት መጨረስ ብክነት ነው። መተግበሪያው ውስጥ ያለው ዴስሞስ ካልኩሌተር ሁለት እኩልታ ሲጻፍለት ግራፎቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ያሳያል። እሱንም ቀድሞ መልመድ ያስፈልጋል፤ በፈተናው ቀን ቁልፍ ፍለጋ ደቂቃ ይበላል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኖርም።

አዲስ አበባ ለሚፈተኑ ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልገው ፈተናውን ለመጀመርና መልሱን ለመላክ ነው። መሀል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል። ላፕቶፑ ግን ከዋዜማው ቻርጅ ይደረግ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ስገልጥ አራት ስህተት ብቻ አየሁ። ሦስቱ «አላውቀውም» ነበሩ። «አሁን አስጠኚ ቅጠሩልኝ» አለችኝ።