ለኤሊ በር ያለው መረብ

የባሕር ኤሊ ኑሮዋ በውኃ ውስጥ ቢሆንም የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። ጸጥ ብላ ስታርፍ ለሰዓታት ሳትተነፍስ መቆየት ትችላለች፤ ተይዛ ስትታገል ግን አየሯ ቶሎ ያልቅባታል። ሽሪምፕ አጥማጆች የባሕሩን ወለል እየጠረጉ የሚጎትቱት መረብ ውስጥ የገባች ኤሊ ሰምጣ የምትሞተው ለዚህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ በአገሪቱ ባሕር ላይ የሽሪምፕ መረብ የሚገድላቸው ኤሊዎች ሌሎች ሰው ሠራሽ ምክንያቶች በድምሩ ከሚገድሏቸው እንደሚበልጡ አስታውቋል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መሣሪያ ኤሊ ማስወጫ ይባላል። ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት ቱቦ የተሠራ ሞላላ ፍርግርግ ሲሆን፣ መረቡ እየጠበበ ሄዶ ምርኮው ከሚጠራቀምበት ከረጢት በፊት አጋድሞ ይሰፋል። ሥራው የወንፊት ነው። ሽሪምፑ በዘንጎቹ መካከል አልፎ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ኤሊዋ አታልፍም። ፍርግርጉን ተከትላ ተንሸራትታ ከጫፉ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ጋ ትደርሳለች፤ የሸፈነውን የመረብ ክዳን ገፍታ ትወጣለች። በአሜሪካ አንድ ማስወጫ እንዲፈቀድ በሙከራ ቢያንስ 97 በመቶ የሚሆኑትን ኤሊዎች ማስወጣት አለበት።

የሐሳቡ መነሻ ራሳቸው አጥማጆች ናቸው። በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት የነበረው ሽሪምፕ አጥማጅ ሲንኪ ቡን ጄሊፊሽ መረቡን እየሞላ ቢያስቸግረው ፍርግርግ ሠርቶ ያስወጣው ጀመር። የመንግሥት ባለሙያዎች በበኩላቸው ለኤሊ የሚሆን ማስወጫ ሠሩ። በ1987 መሣሪያውን የሚያስገድድ ደንብ በአሜሪካ ወጣ፤ ሆኖም ምርኳችን በቀዳዳው ያመልጣል ብለው የሰጉ አጥማጆች በ1989 በቴክሳስና በሉዊዚያና ወደቦችን በጀልባ እስከ መዝጋት ደረሱ። ሥጋታቸው የእንጀራ ጉዳይ ነበርና ሊናቅ አይገባውም። መሣሪያው ግን መረቡ ውስጥ የሚገባውን ግንድና ትልልቅ የባሕር ስፖንጅም ስለሚያስወጣ ሽሪምፑ ከመጨፍለቅ ይድናል።

የመሣሪያው አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው ኬምፕስ ሪድሊ በምትባለው ትንሿ የባሕር ኤሊ ታሪክ ላይ ነው። ዋና መራቢያዋ ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾ ኑዌቮ የተባለ የባሕር ዳርቻ ነው። በ1947 አንድሬስ ኤሬራ የተባለ መሐንዲስ በቀረጸው ፊልም ላይ፣ በአንድ ቀን 40 ሺህ ያህል እናት ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ እንደወጡ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ በገፍ ተለቀመ፤ እናቶቹም በመረብ አለቁ። ሜክሲኮ ከ1966 ጀምሮ ዳርቻውን ብታስጠብቅም በ1985 የተቆጠረው ጎጆ 702 ብቻ ነበር። እንቁላል መጠበቅ ብቻውን ለምን አልበቃም? ኤሊዋ እንቁላል ለመጣል እስክትደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ያስፈልጋታል፤ በመሐል መረብ ከገደላት የተጠበቀው እንቁላል ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ዳርቻውም ባሕሩም አብረው ሲጠበቁ፣ በ2009 የጎጆዎቹ ቁጥር ከ20 ሺህ አለፈ።

ኤሊ ስትተርፍ የሚጠቀመው ባሕሩም ጭምር ነው። አረንጓዴዋ ኤሊ የባሕር ሣር ትግጣለች፤ ሆክስቢል የተባለችው ኤሊ ኮራልን የሚሻማውን ስፖንጅ ትበላለች፤ ሌዘርባክ የተባለችው ጄሊፊሽ፣ ሪድሊም ሸርጣን ታድናለች። እያንዳንዷ የያዘችውን ሥራ ሌላ እንስሳ በቀላሉ አይተካውም።

አሜሪካ በ1989 ባወጣችው ሕግ ኤሊን ሳይጠብቅ የተጠመደ ሽሪምፕ ወደ አገሯ እንዳይገባ ስትከለክል፣ ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሷት። የድርጅቱ የይግባኝ አካል በ1998 ዓላማው ተገቢ እንደሆነ ተቀብሎ፣ አፈጻጸሙ ግን አድልዎ እንዳለበት ወሰነ፤ አሜሪካም አሠራሯን አስተካከለች። ዛሬ መሣሪያው በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ክዳኑን ሰፍቶ የሚዘጋ ካለ ግን ፍርግርጉ መኖሩ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ቁጥጥሩ ወደብ ላይ ብቻ ሳይሆን ባሕር ላይም መደረግ አለበት፤ ደንቡን የሚያከብር አጥማጅም ሽሪምፑን በተሻለ ዋጋ የሚገዛው ሊያገኝ ይገባል።