ግምጃ ቤት በስም ገበያ

የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ግምጃ ቤት ያልተለመደ ችግር አለባት። አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሀብት ስሟን በአማርኛ ጽፎ በኢንተርኔት ቢፈልግ፣ ከብሔራዊ ባንክ የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ጋር ይቀላቀልበታል። ያን ሲያልፍ ደግሞ የጎንደርና የአዲስ አበባ ግምጃ ቤት ማርያም ይጠብቁታል። በላቲን ፊደል ቢሞክርም አንዱ ስሙን ገጥሞ፣ ሌላው ለይቶ፣ ሦስተኛው «አገው» የሚል ቀድሞለት ስለሚጽፈው መረጃው የተበታተነ ነው።

ጉዳዩ የፊደል ብቻ አይደለም። ከተሞች ባለሀብትና ጎብኚ ለመሳብ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ፤ ባለሙያዎች ይህን የከተማ ብራንድ ይሉታል። የኒውዮርክ ግዛት የልብ ምልክት ያለበትን መለያ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ከተማዋ ከኪሳራ አፋፍ በተመለሰች ማግስት ነበር። ያኔ ለዚህ የማስታወቂያ በጀት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይበቃል፤ ችግሩ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ዝም ካለ ስሙን ሌላው እንደ ፈቀደ ያወጣለታል።

ለዚህ ጎረቤቷን እንጅባራን ማየት ይበቃል። ነጋዴው ኮሶበር እያለ የሚጠራት ይህች ከተማ የዞኑ መቀመጫ ነች፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከሁሉ በላይ ግን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፎቶግራፍ ከእሷ ስም ጋር ይዞራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር የሰባት ቤት አገው ነው፤ አንከሻም ከሰባቱ አንዱ ቤት ነው። ፈረሱ ከአንከሻም ይመጣል፤ አልጋ የሚከራየውና ምሳ የሚሸጠው ግን እንጅባራ ነው።

ስም ገንዘብ መሆኑን ለማስረዳት የይርጋጨፌ ቡና በቂ ነው። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም በንግድ ምልክትነት ይዛ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። የአዊ ድንች ግን በኬሻ ሲጫን ስም አይጻፍበትም።

በስልክ የሚገነባ ስም አደጋም አለው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ የክልሉ ከተሞች ከገበያው ዓይን ተሰውረው ነበር። ሻይ ቅጠል የሚሸጥ ድርጅት ማስታወቂያው ቢቋረጥ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ ከተማ ግን መደርደሪያ የላትም።

ግምጃ ቤት ከዋናው አውራ ጎዳና ወጣ ያለች በመሆኗ ተላላፊ መንገደኛ አይቷት አይወስንም። ስለዚህ መፈክር ከማውጣት በፊት የሚቀድም ሥራ አላት፤ ይኸውም አንድ የላቲን አጻጻፍ መርጦ በማኅተሙም በካርታውም ላይ ማጽናት፣ «አንከሻ» የሚለውን ከስሟ ጋር ማያያዝ፣ ከዚያም ቦታ፣ መብራትና መንገድ ለሚጠይቅ ደላላ በዕለቱ መልስ የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ መመደብ ነው። ለዚህ የሚወጣው የአንድ ሰው ደመወዝ ነው።