ያውቁ ኖሯል? የሰከላዋ ውዴ ከወርቁ የራቀችው በ71 መቶኛ ሰከንድ ነበር

የግዮን ምንጭ ከሚፈልቅባት ከጎጃም ሰከላ የተገኘችው ውዴ አያሌው እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። ይህ ድል «ሦስተኛ ወጣች» ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ከ25 ዙር ትግል በኋላ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በ30:51.24፣ መሰለች መልካሙ በ30:51.34፣ ውዴ ደግሞ በ30:51.95 ገቡ፤ በአንደኛዋና በሦስተኛዋ መካከል አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ወደ መጨረሻው ስትመራ የነበረችው ታላቋ መሠረት ደፋር ጉልበት ከድቷት አምስተኛ ስትወጣ፣ ውዴ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ጸንታለች።

«የአንድ ቀን ዕድል ነው» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ሆኖም ውዴ በፈረንጆች ዓመት የመጨረሻ ቀን በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በሚካሄደው የሳኦ ሲልቬስትሬ የ15 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በ2008፣ በ2014 እና በ2015 አሸንፋለች። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ድሏ መካከል ሰባት ዓመት አለ፤ ዕድል ይህን ያህል አይዘልቅም፤ የሚዘልቀው ብቃትና ትጋት ነው። የደብረ ማርቆስና የአካባቢው የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ አርአያ ስትጠሩ የውዴን ስም አትዝለሉ።