ውሃው ወዴት ይሂድ?

የመረሬ ማሳ ሐምሌ ላይ ጫማ ይነጥቃል። ውሃውን ያቁራል፤ የተዘራው ስንዴ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቅና በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። በአገራችን ይህ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በባህላዊው ማረሻ ላይ ተመሥርተው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ በክረምቱ መግቢያ መዝራት ይቻላል። የመጀመሪያው ለበሬዎቹ ስለከበደ በኋላ ቀለል ተደረገ። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ ከዚያ ቀድሞም አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ እንዲህ ያለ መደብ ያወጡ ነበር። ይህን በሪፖርቶቻችን ስንት ጊዜ በአንድ መስመር አልፈነዋል!

ጀማሪ ሳለሁ መሣሪያውን አንድ ጎበዝ ገበሬ ማሳ ላይ ሞከርነው። ስንዴው አማረ፤ ፎቶ አነሣን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን የታችኛው ባለማሳ ገሳውን እንደለበሰ መጣ። «የእሱ ስንዴ እንዲያምር የእኔ ጤፍ ይስጠም?» አለ። መጠይቄን ገለጥኩ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘር፣ ስለ በሬ ብዛት ጠይቄአለሁ። «ጎረቤት» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

በሙያችን «ማኅበራዊ መማማር» የምንለው አለ። አንዳንዱ ስብሰባ ጠርቶ አበል ከፍሎ ይህን ስም ይሰጠዋል፤ እኔ አልስማማም። የዚያን ጊዜ የጠቀመን እየዘነበ ከተዳፋቱ ጫፍ እስከ ወንዙ አብረን መውረዳችን ነው። የላይኛው ገበሬ የራሱን ውሃ ተከትሎ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ፤ ዝም አለ። አንዲት እናት ቆም ብለው፣ «የድሮው መፋሰሻ እዚህ ነበር፤ ልጆቹ አረሱት እንጂ» አሉ። በየትኛውም ካርታችን ላይ አልነበረም። ለመፋሰሻው ማን መሬት ይልቀቅ፣ ማን ይቆፍር የሚለው ክርክር ግን ወራት ፈጀ። የፕሮጀክቱ የጊዜ ሰሌዳ ለዚህ አንድ ቀን መድቦ ነበር።

በዓመቱ መስከረም ስመለስ የተስማማንበት ቦይ ሌላ ቦታ ተዛውሮ አገኘሁት። ለምን እንዳልነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኩ።

«ልጄ፣ ውሃው የሚመጣው ሐምሌ ነው፤ አንተ የምትመጣው መስከረም» አሉኝ።